የጓድ ምናለ ማጠናከሪያ

ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ዝም ማለት ከመናገር የባሰ ወንጀል ነበር። ተናግሮ የተሳሳተ ሰው «ግንዛቤ ይጎድለዋል» ተብሎ ይታለፍ ይሆናል። ዝም ያለ ግን «ምን አስቦ ነው?» ይባላል፤ ይህች ጥያቄ ደግሞ ስንቱን ቤት እንደዘጋች ጎንደር ታውቃለች። ስለዚህ ብልህ ብልሁ መላ ዘየደ። ረቂቅ በቀረበ ቁጥር ይነሣና «የተባለውን ለማጠናከር ያህል» ብሎ የተባለውኑ ይደግመዋል፤ ካማረውም አንዲት ነገር ጣል ያደርግበታል፤ ይጨበጨብለታል፤ ይቀመጣል። ማጠናከሪያ የሚባለው ይኸው ነው። ሞኝ እንኳ ይችለዋል። ምናለ ግን ሞኝ ስላልነበረ ተበላሸበት።

ምናለ አዘዞ ላይ በነበረችው የሰብል መድኃኒት ርጭት አብራሪዎች ማሠልጠኛ የበረራ መምህር ነበር። ተወልዶ ያደገው ቁስቋም ሥር ነው፤ አባቱ ቄስ፣ እሱም ዜማ ቤት የገባ፣ ለየኔታው ቁራሽ ለምኖ ያበላ ተማሪ ነበር። ኋላ ዘመን ገፍቶት የአውሮፕላን መሪ ጨበጠ እንጂ ጠባዩ ከዜማ ቤት አልወጣም። ተማሪው ትምህርቱን በቃሉ ካልያዘ ሞተር አያስነካም። የሳተውን በኩርኩም ይለዋል። ተማሪዎቹም ካኪ ለብሰው፣ ቦት ጫማ አጥልቀው፣ «ጓድ» መባል ባለበት ቦታ ሁሉ «የኔታ» እያሉ ይጠሩታል። እሱም ይህን ሲሰማ ፊቱን ያኮሳትራል፤ ሆዱ ግን ቅቤ ይጠጣል።

የዚያን ዓመት የምናለ ጭንቀት አንድ ብቻ ነበር፤ ብርቱካን። ብርቱካን አንድ ልጁ ናት። የወጣቶች ማኅበሩ የሴቶችን እኩልነት ሰማይ ላይ ለማሳየት ፈልጎ ከክፍለ ሀገሩ ወጣት ሴቶች መካከል እሷን ለአብራሪነት መረጣት። እሷ ደስታዋን አልቻለችውም። እናቷ ይርገዱ ግን መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እምቢ ማለት እንደማይቻል ሦስቱም ያውቃሉ። ምናለ ሚስቱን አንሥቶ፣ «ምነው እንዲህ ሆንሽ? የማስተምራት እኔ አይደለሁ? ከእኔ እጅ አትወጣም» አላት። ይርገዱም በዚህ ቃል እንባዋን ጠረገች።

ታዲያ የመምህርነት የምስክር ወረቀቱ የሚያበቃው የብርቱካን ትምህርት ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነበር። ድሮ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ አንድ ፈታኝ ይመጣል፤ ከመምህሩ ጋር ይበራል፤ ይፈርማል፤ የጎንደር ጠጁን ጠጥቶ ይሄዳል። ያን ዓመት ግን አዲስ የዕድሳት ረቂቅ መመሪያ መጣና ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እንዲወያይበት ታዘዘ። አወያዩ ጓድ ወልዱ ነበር። እናቱ ያወጣችለት ስም ወልደኢየሱስ ነው፤ ካድሬ ሲሆን «ኢየሱስ»ን አውልቆ ጣለው።

«መምህር የሚመዘነው በፈታኝ ፊርማ ሳይሆን በተማሪው ነው» ሲል አነበበ ጓድ ወልዱ። በረቂቁ መሠረት ዕጣ የወጣለት ተማሪ ከፊት ሆኖ ያበርራል። መምህሩ ከኋላ ወንበር ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። መሪውን ከነካ አላስተማረም ማለት ነውና የምስክር ወረቀቱ አይታደስም። የነካው የእውነት አደጋ ገጥሞት ከሆነ ግን ይታደስለታል፤ ወድቆ የሚቀረው ተማሪው ይሆናል። አደጋ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው መሬት ላይ ቆሞ የሚያይ ኮሚቴ ነው። ከኮሚቴው አባላት አውሮፕላን የተሳፈረው ጓድ ወልዱ ብቻ ሲሆን እሱም አንዴ አዲስ አበባ ሲሄድ እስኪደርስ ድረስ ሲያስታውክ ነበር አሉ።

ከስብሰባው በፊት ሽማግሌው መካኒክ አዳሙ ምናለን ጎተት አድርጎ፣ «ስማኝ ወንድሜ፣ የማይረባ ነገር ጣል አድርግና ተቀመጥ። ረቂቅ ቢሉትም አልቋል» ብሎት ነበር።

«ካለቀማ ለምን ተወያዩ ይሉናል፣ አያ አዳሙ?»

«ማን ምን እንደሚል ለማወቅ ነዋ።»

ምናለ አልሰማም። እነዚህ ክንፍና ጅራት የማይለዩ ሰዎች በልጁ ዕጣ ላይ ሊፈርዱ ነው ብሎ ደሙ ፈልቷል። እጁን አወጣ። «የተባለውን ለማጠናከር ያህል» አለ። «አደጋ ነበረ አልነበረም የሚለውን መሬት ላይ የቆመ ሰው ከሚፈርድ፣ አብሮ የበረረው ተማሪ ይመስክር። የጭቁኑ ተማሪ ድምፅ ይሰማ። የተማሪው ቃል የመጨረሻ ይሁን፤ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅ።»

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። ጓድ ወልዱም ደስ አለው፤ «ጭቁን» የምትለው ቃል ያለችበትን ነገር እምቢ ማለት አይችልም። አንቀጹ እንዳለ ገባ። ምናለ በልቡ እየሳቀ ተቀመጠ። በእሱ ቤት ነገሩን ከካድሬ እጅ ፈልቅቆ ለደቀ መዛሙርቱ ሰጠው። ተማሪ የኔታውን አሳልፎ ይሰጣል ብሎ ማሰብ ለሱ ከነውርም በላይ ነበር። የቄስ ልጅ ሆኖ የይሁዳን ነገር እንዴት እንደረሳው እንጃ።

አዳሙ ሲወጡ፣ «ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው» ብሎት ወደ ሥራው ሄደ።

ዕጣው የወጣው ለዓለምነው ነው። ዓለምነው የደባርቅ ልጅ፣ ደረቱ የሰፋ፣ ሳቂታ ነበር። ትምህርቱን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፤ እጁ ግን ያስቸግረዋል። በተለይ ለማረፍ ሲቃረብ በመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን ማየት ትቶ መሬቱን ያያል፤ የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና ያደርጋል፤ ፍጥነት ያጣ ክንፍ ደግሞ አይሸከምም። ምናለ ለዚህች ጥፋት ያላሳረፈበት ኩርኩም የለም። ከማሠልጠኛው የሚወድቅ ተማሪ ደግሞ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ግንባር ነው የሚላክ። ዓለምነው ሁለት ወንድሞቹን እዚያው ግንባር ቀብሯል፤ መቅበር ከተባለ።

የፈተናው ዕለት ማለዳ ምናለን አውሮፕላኗ ክንፍ ሥር አገኘው። «የኔታ፣ ምንም ቢሆን መሪውን እንዳይነኩብኝ። እናቴ የቀረኋት እኔ ነኝ።»

«አንተ ሸጋ አድርገህ ብረር፤ እኔ ምን ቆርጦኝ እነካለሁ? የእኔም ጉዳይ ካንተው ጋር ነው» አለው ምናለ።

ተነሡ። ዓለምነው ደህና አድርጎ ወጣ፤ ደህና አድርጎ ዞረ። ምናለ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁስቋምን በሩቁ አየና ተሳለማት። ከፀዳ መንደር በኩል ለማረፍ ሲዞሩ ያቺ የተረገመች መታጠፊያ መጣች። ዓለምነው መሬቱን አየ። አፍንጫዋ ቀና አለች። ምናለ «አሁን ዝቅ ያደርጋታል፣ አሁን ዝቅ ያደርጋታል» እያለ ጠበቀ። ብርቱካንን አሰበ፤ ቢነካ ልጁን ለማንም እንደሚሰጣት አሰበ፤ ጣቶቹን ጉልበቱ ውስጥ ቀበራቸው። ከጤነኛ መምህር በላይ ጠበቀ። ክንፉ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን ብሞት ማን ሊያስተምራት ነው አለና መሪውን ወደፊት ገፋው። ከሜዳው ዳር የቆመውን ባሕር ዛፍ ጫፉን በጎማቸው ጠርገው ማኮብኮቢያው ላይ ወደቁ እንጂ አረፉ አይባልም። ከጎማው መሐል ቅጠል ተሰክቶ ነበር።

ዓለምነው ወርዶ የምናለ ጉልበት ላይ ተደፋ። «የኔታ፣ ነፍሴን ነው የሰጡኝ» እያለ አለቀሰ። ምናለ አንሥቶ አቀፈው። ያን ጊዜ ነገሩ አለቀለት፣ ከዚህ ወዲያ ምስክርነቱ ለወግ ነው ብሎ አመነ። የዋህ።

ከሰዓት በኋላ ተሰበሰቡ። ጓድ ወልዱ፣ «መምህሩ ነክቻለሁ ብለዋል። በአንቀጹ መሠረት የመጨረሻው ቃል የተማሪው ነው። አደጋ ነበረ ወይ?» ሲል ጠየቀ።

ዓለምነው ተነሣ። ነበረ ካለ ማበላሸቱን አመነ፤ የሚወድቀው እሱ ነው፤ ግንባር ነው። ይህን ቤቱ ሁሉ አሁን ገና ገባው። ለምናለም አሁን ገና ገባው። አንቀጹን ሲያጠናክር ስለ ፍቅር አስቧል፤ ስለ ፍርሃት አላሰበም።

«አልነበረም» አለ ዓለምነው።

«ታዲያ ለምን ነኩ?»

ዓለምነው ጫማውን አየ። «ተማሪ ከመምህሩ እንዳይበልጥ ይመስለኛል።»

ጭብጨባው ከመጀመሪያው ቀን ይበልጥ ነበር። አዳሙ የዘይት ጨርቁን ፊቱ ላይ አድርጎ ላቡን የሚጠርግ መሰለ። ምናለ ስለ ባሕር ዛፉ ቅጠል ሊናገር ሲነሣ ጓድ ወልዱ በትሕትና አስቀመጠው፤ «ጓድ ምናለ፣ ሌላ ማስረጃ አይጠየቅም ያሉት እርስዎ ነዎት።»

ምናለ እዚያው አዘዞ ነዳጅ ቀጂ ሆነ። በርሜል ያንከባልላል፤ በእጅ ፓምፕ እየገፋ የአውሮፕላኖቹን ሆድ ይሞላል። ዓለምነው ግን «በመምህሩ የታፈነ ችሎታ» ተባለለት፤ ጋዜጣ ላይ ፎቶው ወጣ፤ ሥልጠናውን እንደጨረሰም መምህር ጠፍቷልና መምህር ተደረገ። ዕድል ስትቀልድ እንዲህ ነው፤ ብርቱካን የደረሰችው እሱ ዘንድ ነው።

ይርገዱ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። ባሏን ትክ ብላ አይታ፣ «ከእኔ እጅ አትወጣም ብለኸኝ ነበር» አለችው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አልተናገረችውም፤ ተናግራው ቢሆን ይሻለው ነበር።

ምናለ ኩራቱን ዋጠና አንድ እሑድ ዓለምነው ቤት ሄደ። ዓለምነው በሩን ከፍቶ ሲያየው ቀለሙ ተለወጠ። «የኔታ፣ ግንባር ሊልኩኝ እኮ ነበር፤ እናቴ—»

«አውቃለሁ። ለሱ አልመጣሁም።» ምናለ ተንበረከከ። መምህር ለተማሪው ሲንበረከክ ጎንደር አይታ አታውቅም። «ልጄን በጠዋት ብቻ አብርራት። መሬቱ ከጋለ፣ አየሩ ሳስቶ ክንፍ መሸከም ካቃተው በኋላ ብቻዋን አትልቀቃት። የመጨረሻዋን መታጠፊያ አስተምራት።»

«በእመቤቴ» ብሎ ማለለት ዓለምነው፤ አንሥቶም እጁን ሳመው።

ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ማለት ያስፈልጋል። በጠዋት በጠዋት ይዟት ይወጣ ነበር፤ የኔታው ያስተማረውን ሁሉ ሳይሰስት አስተማራት። መታጠፊያዋን ግን ራሱ አያውቃትም፤ የማያውቀውን ከየት ያምጣው? ምናለ ማታ ማታ ከራት በኋላ በመዳፉ ክንፍ እየሠራ ያሳያታል። ብርቱካን ትስቃለች። «አባዬ፣ ዓለምነው እንዲህ አላለንም፤ መሬቱን እያያችሁ ዙሩ ነው ያለን» ትለዋለች። ምናለ ይቆጣል። እሷም እሺ ትላለች፤ ግን የመዳፍ መታጠፊያና የሰማይ መታጠፊያ ለየቅል ናቸው።

የላብ አደሮች በዓል ሲደርስ ጓድ ወልዱ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ብርቱካን ብቻዋን እንድትበር ወሰነ። ሰዓቱም እኩለ ቀን፣ ሰልፈኛው ከጎንደር በካሚዮን ተጭኖ አዘዞ ሲደርስ። ዓለምነው ቀና ብሎ፣ «ጠዋት ቢሆን አየሩ—» አለ።

«ፀሐይዋ አድኃሪ ናት እንዴ፣ ጓድ ዓለምነው?» አለው ጓድ ወልዱ። ሰዉ ሳቀ። ዓለምነውም አብሮ ሳቀና ተቀመጠ።

የበዓሉ ዕለት ማኮብኮቢያው እንደ ምጣድ ግሏል። ከጣና በኩል የሚመጣው ነፋስ ባንዲራዎቹን ያንገላታል። ምናለ በርሜሎቹን ትቶ ጓድ ወልዱ ፊት ቆመ። «ከኋላ ልቀመጥ። እጄን እሰሩት ከፈለጋችሁ። ልንገራት ብቻ።»

«የመምህርነት ምስክር ወረቀት አለዎት?»

ምናለ ነዳጅ የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እንግዲያው ነዳጅ ይቅዱ።»

ቀዳ። ሳስቶ ግማሽ ላይ አቆመ፤ በዚያ ስስ አየር ቢያንስ አውሮፕላኗ ትቅለላት ብሎ ነው። ጓድ ወልዱ መለኪያውን አየና ጮኸ፤ «ለአብዮቱ ልጅ ነዳጅ ይሰስታሉ? ይሙሉት!» ሁለት ዘቦች ቀረቡ። ምናለ ፓምፑን እየገፋ አፉ ድረስ ሞላው። በገዛ እጁ።

ብርቱካን ልትገባ ስትል አገጯን ያዛት። «መታጠፊያዋ ላይ መሬቱን አትይ። ፍጥነቱን እይ።»

«እሺ አባዬ። ሰዉ እያየን ነው» አለችው አፍራ። አውሮፕላኗ ከበደች እንጂ ተነሣች። ሕዝቡ እልል አለ። ዞረች፤ አማረባት፤ ይርገዱ ከሴቶች ማኅበር ሰልፍ መሐል ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ከፀዳ በኩል ስትታጠፍ አፍንጫዋ ቀና አለች። ምናለ «ዝቅ አድርጊ!» ብሎ ጮኸ፤ የሰልፉ ማርሽ ሙዚቃ እየተመታ ነበርና ከአጠገቡ የቆመው አዳሙ እንኳ አልሰማውም። ክንፏ አዘነበለ። አውሮፕላኗ ተገልብጣ ከመንገዱ ማዶ ሽንብራ የታጨደበት እርሻ ላይ ወረደች። ሰልፈኛው የትርዒቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ። ጭሱ እስኪነሣ ድረስ ሲያጨበጭብ ነበር።

አስከሬኗን አውሮፕላኖቹ በሚያድሩበት ሃንጋር ውስጥ ሸራ አልብሰው አኖሩት። ምናለ ልውሰዳት ሲል የሕዝብ ንብረት ወድሟልና ምርመራው በስብሰባ እስኪዘጋ አይነካም ተባለ። በማግሥቱ ጠዋት ቁስቋም ላይ መቃብሩ ተቆፍሮ፣ ካህናቱ ቆመው ይጠብቃሉ። ይርገዱ ከሃንጋሩ በር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ዘቦቹ ጮኸሽ አታልቅሺ ስላሏት ድምፅ ሳታሰማ ደረቷን ትመታለች።

ጓድ ወልዱ ስብሰባውን ከፈተ። «በመመሪያችን መሠረት መምህር የሚመዘነው በተማሪው ቃል ነው። ተማሪዋ በሕይወት ስለሌለች በመምህሯ ላይ የተሰጠ ምስክርነት የለም። ስለዚህ ጓድ ዓለምነው ጥፋት የለበትም፤ የምስክር ወረቀቱም ይታደሳል። ይህን አንቀጽ ላጠናከሩልን ለጓድ ምናለ ምስጋና ይድረሳቸው።»

ጥቂት ሰዎች የለመደ እጃቸው ማጨብጨብ ጀመረና በመሐል ተወ። ዓለምነው ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ ወለሉን ያያል። ግን አልተነሣም።

«መዝገቡ የሚዘጋው በሙሉ ድምፅ ነው» አለ ጓድ ወልዱ። «አንድ ሰው ካልደገፈ ጉዳዩ አዲስ አበባ ይሄዳል። መልስ እስኪመጣ አስከሬኑ ይቆያል። የምትደግፉ?»

እጆች ተነሡ። አዳሙ እጁን ጉያው ከቶ ምናለን ያያል፤ ግፋ ካልከኝ ከአንተ ጋር ነኝ የሚል ዓይን ነበር። ምናለ ሙቀቱን አሰበ። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተኛችውን ልጁን አሰበ። ዓለምነው አሁን አምኖ ቢናገር እንኳ እሷ እንደማትመለስ አሰበ፤ ሌሎች የሰው ልጆች ገና ከዚህ ልጅ ጋር እንደሚበሩም አሰበ። ይህን አውቆ እጁን አነሣ። አዳሙም ጭንቅላቱን ነቅንቆ አነሣ።

«ተቃውሞ የለም። ድምፀ ተአቅቦ የለም። በሙሉ ድምፅ አልፏል። ቤተሰብ አስከሬኑን መውሰድ ይችላል።»

ሰዉ ተነሥቶ ወንበር መጎተት ጀመረ። ምናለ እጁን እንዳነሣ ተቀምጧል። ጓድ ወልዱ ሲያልፍ ትከሻውን መታ አደረገው።

«ያውርዱት ጓድ፤ ተቆጥሯል» አለው።